ዊልያም ፈርዝ ዌልስ፦ በአየር ላይ የሚተላለፍ በሽታና የአልትራቫዮሌት ብርሃን ተመራማሪ

መግቢያ

በመኖሪያ ቤቶች የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ውስጥ የሚገጠመው የአልትራቫዮሌት መብራት ዛሬ እንደ ተራ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆኗል። ከጀርባው ያለው እሳቤ ግን ረጅምና ውጣ ውረድ የበዛበት ታሪክ አለው። የታሪኩ ዋና ባለቤት አሜሪካዊው የንጽህና መሐንዲስ ዊልያም ፈርዝ ዌልስ ናቸው። ዌልስ የሰው ትንፋሽ በሽታን በምን መልክ እንደሚያጓጉዝ በስሌትና በሙከራ ያሳዩ፣ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይህን ጉዞ ሊያቋርጥ እንደሚችል በትምህርት ቤቶች ውስጥ የፈተኑ ተመራማሪ ነበሩ። በሕይወት ዘመናቸው ግን የሥራቸው ፍሬ በሰፊው ተቀባይነት ሲያገኝ አላዩም። ይህ ጽሑፍ የዌልስን ሕይወትና ሥራ በቅደም ተከተል ይቃኛል፤ ከዚያም ሙከራዎቻቸው የተሳኩበትና ያልተሳኩበት ምክንያት ለዛሬው የቤት ውስጥ አየር ማጽጃ ቴክኖሎጂ ያለውን ትርጉም ይመረምራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከውኃ ወደ አየር

ዌልስ የተማሩት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። ተቋሙ በዚያን ጊዜ ዊልያም ሴጅዊክን የመሰሉ የሕዝብ ጤና ሊቃውንት ያስተምሩበት ስለነበር፣ የምህንድስና ተማሪዎች ስለ ጀርሞች ጠባይ የሚማሩበት፣ ውኃንና ፍሳሽን የማጣራት ጥበብ ከበሽታ መከላከል ጋር ተጣምሮ የሚሰጥበት ማዕከል ነበር። የዘመኑ ታላቅ ድል የውኃ መጣራት ነው። የመጠጥ ውኃን በአሸዋ ማጣራትና በክሎሪን ማከም በተጀመረባቸው ከተሞች ታይፎይድ በግልጽ ቀንሶ ነበር። ዌልስም የሙያ ሕይወታቸውን የጀመሩት በዚሁ መስክ ነው።

በ1920ዎቹ በኒውዮርክ ግዛት የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኦይስተር በሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት ላይ ሠርተዋል። ኦይስተር በፍሳሽ በተበከለ ባሕር ውስጥ ሲያድግ የታይፎይድ ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ በ1924 ማብቂያና በ1925 መጀመሪያ ላይ በበርካታ የአሜሪካ ከተሞች የተነሣው የታይፎይድ ወረርሽኝም ከዚሁ ምግብ ጋር ተያይዞ ነበር። ዌልስ ኦይስተርን የማጽዳትና በሰው ሠራሽ ዘዴ የማራባት ጥናት ሲያካሂዱ፣ ጥቃቅኖቹን የኦይስተር እጮች ከውኃው ለመለየት ወተት ከቅባቱ የሚለይበትን የመሰለ ተሽከርካሪ መሣሪያ ተጠቀሙ። ይህ ልምድ በኋላ ለአየር ጥናታቸው መነሻ ሆነ፤ ከውኃ ውስጥ ረቂቅ ፍጥረትን በማሽከርከር መለየት ከተቻለ፣ ከአየር ውስጥስ ለምን አይቻልም የሚለውን ጥያቄ አስከተለ።

የትዳር አጋራቸው ሚልድሬድ ዊክስ ዌልስ የሕክምና ዶክተር ነበሩ። በበሽታ ስርጭት ጥናት የነበራቸው ዕውቀት የመሐንዲሱን የባለቤታቸውን ክህሎት አሟላ። በኋላ የታተሙት በርካታ ጽሑፎች የሁለቱንም ስም ይዘዋል። ስለሆነም በዚህ መስክ የዌልስ ሥራ ሲባል የባልና ሚስቱን የጋራ ድካም ማለት ይሆናል።

የተዘጋ መዝገብ

ዌልስ ወደ አየር ጥናት በገቡበት ጊዜ፣ በሽታ በአየር ይተላለፋል የሚለው አሳብ በባለሙያዎች ዘንድ የከሰረ አሳብ ነበር። ከጀርም ሳይንስ በፊት ለዘመናት ገዝቶ የነበረው እምነት በሽታን ከረግረግና ከብስባሽ ከሚነሣ ክፉ አየር ጋር ያያይዝ ነበር። የጀርም ሳይንስ ሲያሸንፍ ይህን እምነት ጠራርጎ ጣለው። ጀርመናዊው ካርል ፍሉገ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሰው ሲናገርና ሲያስል የሚረጫቸው ነጠብጣቦች ጀርም እንደሚይዙ አሳይተው ነበር። አሜሪካዊው የሕዝብ ጤና ባለሙያ ቻርለስ ቻፒን ደግሞ በ1910 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተላላፊ በሽታ በዋናነት በንክኪና በቅርብ ርቀት በሚረጭ ነጠብጣብ እንደሚተላለፍ አስተማሩ። የቻፒን ትምህርት ለእጅ መታጠብና ለንጽህና ትልቅ ጥቅም አስገኝቷል፤ ነገር ግን የአየርን መዝገብ ጨርሶ ዘጋው። ይህን የተዘጋ መዝገብ እንደገና የከፈቱት ሐኪም ሳይሆኑ የውኃ መሐንዲስ መሆናቸው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስልም። ለውኃ መሐንዲስ ዋናው ጥያቄ ጀርሙ ማን መሆኑ ብቻ ሳይሆን በምን ተጭኖ፣ በየት በኩል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጓዝ ነው።

የነጠብጣቡ ዕጣ

ዌልስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት በአነስተኛ የማስተማር ማዕረግ ሥራ ጀመሩ። እዚያም አየርን እያሽከረከረ በውስጡ የተንሳፈፉትን ባክቴሪያዎች በማብቀያ ምግብ ላይ የሚሰበስብ ሴንትሪፉጅ ሠሩ። ከዚህ ቀደም የአየርን ጀርም መለካት በአብዛኛው በክፍት ሳህን ላይ የሚወድቀውን መቁጠር ነበር። ይህ ዘዴ የሚወድቀውን ይቆጥራል፤ የሚንሳፈፈውን ግን ሳያየው ያልፋል። በአዲሱ መሣሪያ እስከዚያ ጊዜ ያልተመዘገበው የአየር ክፍል ተቆጠረ። በማሳቹሴትስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ክሩን ለማርጠብ ወደ አየር የሚረጨውን ውኃ ያጠኑትም በዚሁ ዘመን ነው። የተረጨው ውኃ ሲተን በውስጡ የነበሩት ባክቴሪያዎች በአየር ላይ ይቀራሉ።

በ1934 በታተመ ጽሑፋቸው ዌልስ የነጠብጣብን ዕጣ ፈንታ በሁለት እሽቅድድሞች መሃል አስቀመጡት። ከአፍና ከአፍንጫ የወጣ ነጠብጣብ በአንድ በኩል ወደ መሬት ይወድቃል፤ በሌላ በኩል እየተነነ ይደርቃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው መጠኑ ነው። ትልቅ ነጠብጣብ ሳይደርቅ ይወድቃል። ትንሽ ነጠብጣብ ደግሞ መሬት ሳይደርስ ይደርቅና በውስጡ የነበሩት ጨዋማ ንጥረ ነገሮችና ጀርሞች በጣም ቀላል በሆነ ቅሪት ተሰባስበው ይንሳፈፋሉ። ይህን ቅሪት የነጠብጣብ አስኳል አሉት። በስሌታቸው መሠረት ድንበሩ 100 ማይክሮን አካባቢ ነበር፤ ከዚህ ያነሰ ነጠብጣብ በሰው ቁመት ልክ ካለ ከፍታ ወርዶ ወለል ከመድረሱ በፊት ይደርቃል። የነጠብጣብ አስኳል ከክፍሉ አየር ጋር አብሮ ይዞራል፤ አየሩ በሄደበት ሁሉ ይሄዳል።

ይህ ክፍፍል የመከላከያውንም ዓይነት ወሰነ። በሽታው በሚወድቅ ነጠብጣብ የሚተላለፍ ከሆነ ከበሽተኛው ራቅ ማለት ይበቃል። በሚንሳፈፍ አስኳል የሚተላለፍ ከሆነ ግን ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ አየሩ ራሱ መለወጥ ወይም መታከም አለበት። ለውኃ መሐንዲሱ መልሱ ግልጽ ነበር። ውኃ በክሎሪን እንደሚታከም አየርም በሌላ ነገር መታከም ነበረበት፤ ያ ነገር ብርሃን ሆነ።

ብርሃን እንደ ክሎሪን

ብርሃን ባክቴሪያን እንደሚገድል እንግሊዛውያኑ ዳውንስና ብለንት በ1877 አሳይተው ነበር። ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰንም በብርሃን የቆዳ ሳንባ ነቀርሳን በማከማቸው በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930 ፍሬድሪክ ጌትስ ባክቴሪያን በብርቱ የሚያጠቃው የብርሃን ክፍል 260 ናኖ ሜትር አካባቢ መሆኑን ለኩ። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ መብራት ደግሞ አብዛኛውን ኃይሉን የሚለቀው በ254 ናኖ ሜትር ስለሆነ ለዚህ ዓላማ የተስማማ ነበር። ጨረሩ የጀርሙን ዘረ መል እርስ በርሱ እንዲጣበቅ በማድረግ እንዳይባዛ ያግደዋል። ዌልስና ባልደረባቸው ጎርደን ፌር በ1935 ባሳተሙት ጥናት፣ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ባክቴሪያ በአልትራቫዮሌት ብርሃን በፍጥነት እንደሚሞት አረጋገጡ።

የሃርቫርድ ቆይታቸው ግን በሰላም አልተጠናቀቀም። ዌልስ አሳባቸውን በአጭርና በግልጽ ቋንቋ ማስረዳት የሚቸገሩ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቀላሉ የማይግባቡ ሰው እንደነበሩ ይነገራል። በ1937 ወደ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ እዚያም በአየር ወለድ በሽታ ላይ የሚያተኩር ቤተ ሙከራ አቋቋሙ።

ኩፍኝና የትምህርት ቤቱ መብራት

በፊላደልፊያና በአካባቢዋ ዌልስ የሕይወታቸውን ትልቁን የሕዝብ ጤና ሙከራ አካሄዱ። በጀርመንታውን ፍሬንድስ ትምህርት ቤትና በስዋርትሞር በተመረጡ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራቶች ከሰው ራስ በላይ፣ ወደ ጣራው ዞረው ተሰቀሉ። ብርሃኑ የላይኛውን አየር ብቻ ያበራል፤ የተማሪዎቹን ዓይንና ቆዳ አይነካም። ከሰው ገላና ከትንፋሽ የሚነሣው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በብርሃኑ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያም ተመልሶ ይወርዳል። የክፍሉ ተፈጥሯዊ የአየር ዝውውር እንደ ፓምፕ ሆኖ ያገለግላል።

በ1941 በአካባቢው ከባድ የኩፍኝ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ለሙከራውም ወሳኝ ፈተና ሆነ። በ1942 በታተመው ውጤት መሠረት፣ መብራት ባልነበረባቸው ክፍሎች ለኩፍኝ የተጋለጡ ሕፃናት ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 53.6 በመቶ ሲያዙ፣ መብራት በነበረባቸው ክፍሎች የተያዙት 13.3 በመቶ ነበሩ። ኩፍኝ ክትባት በሌለበት ዘመን ይህ ልዩነት ቀላል አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ውጤቱ ተመሳሳይ አልሆነም። በኒውዮርክ ግዛት ገጠር በሚገኙ ትምህርት ቤቶች በተካሄደውና በ1947 በታተመው ጥናት፣ ከዚያም በእንግሊዝ አገር በሳውዝሆል ተካሂዶ በ1954 በወጣው ጥናት መብራቶቹ የወረርሽኙን ስፋት በግልጽ አልቀነሱም። የሕዝብ ጤና ባለሥልጣናት ለውድቀቱ ፍርድ ለመስጠት አልዘገዩም፤ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ተስፋ ተጥሎበት የነበረ፣ ነገር ግን የማይሠራ ዘዴ ተደርጎ ተቆጠረ።

ጉዳዩ ሲመረመር ግን ልዩነቱ ያለው በመብራቱ ሳይሆን በልጆቹ የዕለት ውሎ ላይ ነበር። በኒውዮርክ ገጠር ልጆቹ አብረው በአውቶቡስ ይጓጓዙ ነበር፤ በአውቶቡሱ ውስጥ መብራት አልነበረም። በሳውዝሆልም ልጆቹ ተጠጋግተው በሚኖሩበት ሰፈር ከትምህርት ቤት ውጭ ይገናኙ ነበር። በአንጻሩ በስዋርትሞርና በጀርመንታውን የመማሪያ ክፍሉ ዋናው የመተላለፊያ ስፍራ የነበረ ይመስላል። መብራት የሚጠብቀው የበራበትን አየር ብቻ ነው። ዌልስ ይህን በመርህ ደረጃ ያውቁ ነበር፤ ለገምጋሚዎቻቸው ለማስረዳት ግን አልተሳካላቸውም።

የባልቲሞር ጊኒ ፒጎች

በ1940ዎቹ ዌልስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥንቸሎችን ለሳንባ ነቀርሳ ጀርም በአየር በማጋለጥ፣ የጀርሙ ተሸካሚ ቅንጣት ጥቃቅን ሲሆን በቀጥታ እስከ ሳንባው ጥልቅ ክፍል እንደሚደርስ፣ ትልቅ ሲሆን ግን በላይኛው የመተንፈሻ ክፍል እንደሚቀር አሳዩ። ይህ ግኝት በኋላ ለአንድ ሰፊ ስሕተት ምንጭ ሆነ። ለሳንባ ጥልቀት የሚያስፈልገው 5 ማይክሮን ገደማ የሆነ መጠንና ነጠብጣብ የሚንሳፈፍበት የ100 ማይክሮን ድንበር በማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ ተምታቱ። ስለሆነም ከ5 ማይክሮን የበለጠ ቅንጣት ሁሉ በአቅራቢያው ይወድቃል የሚል አመለካከት ለአሥርተ ዓመታት ጸንቶ ቆየ። የስሕተቱ አመጣጥ በሰፊው የተብራራው ከኮቪድ 19 ወረርሽኝ መነሣት በኋላ በ2021 በታተመ ጥናት ነው።

በ1955 ዌልስ የሕይወት ዘመን ሥራቸውን ያጠቃለሉበትን መጽሐፍ አሳተሙ። አንድን የተጋለጠ ሰው ለመበከል የሚያስፈልገውን የጀርም መጠን ኳንተም በሚል መለኪያ የገለጹት በዚህ ሥራ ነው። መጽሐፉ ጥልቅ ቢሆንም አቀራረቡ ከባድ ስለነበር አንባቢው ጥቂት ሆነ።

የመጨረሻው ታላቅ ሙከራ የተካሄደው ባልቲሞር በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ነው። ዌልስ ከቀድሞ ተማሪያቸው ከሪቻርድ ራይሊ ጋር ሆነው ስድስት አልጋ ያለው የሳንባ ነቀርሳ ክፍል አዘጋጁ። ከሕሙማኑ ክፍሎች የሚወጣው አየር በቱቦ ተስቦ ጊኒ ፒጎች ወደሚኖሩበት የላይኛው ክፍል ይገባ ነበር። ጊኒ ፒጎቹ ከሕሙማኑ ጋር የሚገናኙት በአየር ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 71 ጊኒ ፒጎች በሳንባ ነቀርሳ ተያዙ። በተከታዩ ምዕራፍ ሁለተኛ የጊኒ ፒጎች ክፍል ተጨመረ፤ ወደዚህኛው የሚገባው አየር በቱቦው ውስጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይታከም ነበር። ያልታከመ አየር ከተነፈሱት 63 ሲያዙ፣ የታከመ አየር ከተነፈሱት አንድም አልተያዘም። ሳንባ ነቀርሳ በአየር ብቻ ሊተላለፍ እንደሚችል፣ በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ አየርም በብርሃን ሊጸዳ እንደሚችል በአንድ ሙከራ ተረጋገጠ።

የሁለተኛው ምዕራፍ ውጤት በ1962 ታተመ። ዌልስ በ1963 ዐረፉ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የኩፍኝ ክትባት ፈቃድ አገኘ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶችም አስቀድመው በሥራ ላይ ውለው ነበር። ክትባትና መድኃኒት ባለበት ዘመን ስለ ክፍል አየር መጨነቅ ያለፈበት ጉዳይ መስሎ ታየ።

የዌልስ ውርስና የቤት ውስጥ ቱቦ

ጉዳዩ ግን አላለፈም። በ1974 በኒውዮርክ ግዛት በሮቼስተር ከተማ አቅራቢያ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የኩፍኝ ታማሚ ልጅ በ14 የተለያዩ ክፍሎች የሚማሩ 28 ልጆችን በከለ። አብዛኞቹ ከታማሚው ጋር በአንድ ክፍል አልተቀመጡም፤ አየሩ ግን በሕንፃው የአየር ማስተላለፊያ ሥርዓት እየተመለሰ ይከፋፈል ነበር። ራይሊና ባልደረቦቹ በ1978 ይህን ወረርሽኝ ሲተነትኑ የዌልስን ኳንተም በቀመር ውስጥ አስገቡት፤ ቀመሩም ዛሬ የዌልስና ራይሊ ቀመር በመባል ይታወቃል። በ2009 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በተካሄደ ጥናት፣ በሆስፒታል ክፍል ጣራ ሥር የተሰቀለ መብራት በጊኒ ፒጎች ላይ የሚደርሰውን የሳንባ ነቀርሳ መተላለፍ ከ35 በመቶ ወደ 9.5 በመቶ ዝቅ አድርጓል። የዌልስ የትምህርት ቤት ንድፍ በሆስፒታል ውስጥ ሠራ።

እነዚህ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለቤት ውስጥ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሥርዓት ግልጽ ትምህርት ይሰጣሉ። በባልቲሞር መብራቱ በቱቦው ውስጥ ሆኖ የሠራው በበሽተኛውና በተጋላጩ መካከል ያለው ብቸኛ መንገድ ቱቦው ስለነበር ነው። በሮቼስተርም ቱቦው ክፍሎችን የሚያገናኝ መንገድ ስለነበር በዚያ የሚገጠም መብራት ተገቢ ቦታ ይኖረው ነበር። በመኖሪያ ቤት ግን ታማሚውና ጤነኛው ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት በአንድ ክፍል ነው። በመካከላቸው ያለው አየር ቱቦው ሳይደርስ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ከዚህም በላይ የማሞቂያው ወይም የማቀዝቀዣው ማራገቢያ በቆመበት ሰዓት ሁሉ መብራቱ ቢበራም የሚያጸዳው አየር የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ጀርም የሚቀበለው የጨረር መጠን የብርሃኑ ጥንካሬና የቆይታው ጊዜ ብዜት ነው። አየር በቱቦ ውስጥ በሴኮንድ 2.5 ሜትር ቢጓዝና መብራቱ ግማሽ ሜትር ያህል ቢያበራ፣ አንድ ቅንጣት በብርሃኑ ውስጥ የሚቆየው ለ0.2 ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ በቂ መጠን ለመስጠት መብራቱ ብርቱ መሆን፣ ወይም ብዙ መብራቶች መደርደር አለባቸው። አንድ ደካማ መብራት የሚገጠምበት የቤት ቱቦ በባልቲሞር የታየውን ውጤት ያስገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በአንጻሩ በማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ መጠምጠሚያ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ለሰዓታት ብርሃን ይቀበላል፤ በዚህ ረገድ አነስተኛ መብራትም ጠቃሚ ነው። የቅርፊቱ መስታወት በአቧራ ሲሸፈን ጨረሩ ይዳከማል፤ ለዓይንና ለቆዳም ጎጂ ስለሆነ ሳይከለል መብራት የለበትም። በ185 ናኖ ሜትርም ጨረር የሚለቅ መብራት ደግሞ ኦዞን ስለሚፈጥር ለመኖሪያ ቤት አይመረጥም።

ማጠቃለያ

የዊልያም ፈርዝ ዌልስ ሕይወት አንድ ትክክለኛ ግኝት ባልተስማማ ቦታ ሲፈተን እንዴት ሊጣል እንደሚችል ያሳያል። በ1947ና በ1954 የታተሙት ሙከራዎች የወደቁት ብርሃኑ ጀርምን ባለመግደሉ ሳይሆን፣ በሽታው ብርሃኑ በሌለበት መንገድ በመተላለፉ ነበር። ዌልስ በሕይወት ሳሉ ይህን ልዩነት የሚያስረዳላቸው ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው፤ እሱም ከጊኒ ፒጎች እንጂ ከትምህርት ቤቶች አልመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 በአየር በኩል ስለሚተላለፉ በሽታዎች የሚሠራበትን ስያሜ ሲያሻሽል፣ በትልቅና በትንሽ ቅንጣት መካከል የነበረውን የ5 ማይክሮን ድንበር ትቶታል። ዌልስ ከ90 ዓመት በፊት ያነሡት ጥያቄ በዚህ መልክ ወደ መነሻው ተመለሰ። የቤት ውስጥ አየር ማጽጃን የሚመዝን ተመራማሪም ከመብራቱ ኃይል በፊት መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው፤ የታማሚው ትንፋሽ ከጤነኛው ዘንድ የሚደርሰው በየት በኩል ነው፣ መብራቱስ በዚያ መንገድ ላይ ቆሟልን?